ፈጣን መኪና፣ ተድላና ከንቱ ውዳሴ

ሃርትስፊልድ-ጃክሰን ከተባለው ከአትላንታ ታላቅ የአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ሄፕቪል በምትባለው ትንሽ ከተማ፣ የፎርድ ኩባንያ ከ1947 እስከ 2006 ድረስ (ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) መኪና ሲገጣጥምበት የኖረ ሰፊ ፋብሪካ ነበረው፤ በመጨረሻዎቹ ሃያ ዓመታትም ከዚያ ፋብሪካ ይወጣ የነበረው፣ ቶረስ የተባለው፣ ልጆችን ከትምህርት ቤት የሚያመላልስ፣ አስቤዛ ተሸክሞ የሚገባ፣ በመንገድ ሲያልፍ ማንም ዘወር ብሎ የማያየው፣ ነገር ግን ስንቱ አባወራ ዕዳውን በየወሩ እየከፈለ ኑሮውን ያቀናበት የቤተ ሰብ መኪና ነበር። ፋብሪካው ተዘግቶ ከፈረሰ በኋላ በዚያው መሬት ላይ የጀርመኑ የፖርሽ ኩባንያ በ2015 የሰሜን አሜሪካ ዋና መሥሪያ ቤቱን አቆመ፤ ከሕንጻውም ጋራ ርዝመቱ 1.6 ማይል የሆነ መንጃ ጎዳና አያይዞ ሠራ፤ በ2023 ደግሞ ሁለተኛ ጎዳና ጨመረበት። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደ አትላንታ መብረር ስለ ጀመረ፣ ዛሬ ዘመዱን ሊቀበል ወደ ማረፊያው የሚገሠግሠው ያገራችን ሰው፣ የአባወራው መኪና ይወለድበት በነበረው ስፍራ የባለጸጋው መኪና ሲሽከረከርበት እያሰበ ያልፋል።

ይህን ያነሣሁት ታሪኩ ራሱ ደስ ስለሚል ብቻ አይደለም። በአትላንታና በዙሪያዋ፣ በክላርክስተን፣ በዲኬተርና በታከር የሚኖረው ወገናችን፣ መጀመሪያ በታክሲ ነጂነትና በመኪና ማቆሚያ ሠራተኝነት፣ ቀጥሎም በንግድ፣ በነርስነት፣ በከባድ መኪና ነጂነትና በኮምፒዩተር ሙያ ኑሮው እየተደላደለ ስለ ሄደ፣ ቀድሞ «የትኛው መኪና አይበላሽብኝም?» ይል የነበረው ሰው ዛሬ «የትኛው የስፖርት መኪና ይሻለኛል?» ብሎ መጠየቅ ጀምሯል። ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም፤ ሰው በወዙ ሠርቶ ያገኘውን ንዋይ ለደስታው ቢያውለው ነውር የለበትም፤ መጽሐፈ መክብብም ሰው በድካሙ ፍሬ ደስ እንዳይለው አላዘዘም። ነውሩ ደስታን ገዛሁ ብሎ ከንቱ ውዳሴን ገዝቶ መመለስ ነው። እኔ እንደማምነው፣ ለመንዳት ተድላ ተብሎ በሚወጣ ገንዘብ፣ በዚህ ከተማ ለሚኖር ሰው፣ ቀላሏና ርካሿ መኪና ከብርቱውና ከውዱ መኪና ትበልጣለች፤ ትበልጣለች ስልም ድኻን ለማጽናናት ሳይሆን በራሱ በመንዳቱ ሚዛን መዝኜ ነው።

ነገሩ ከየት እንደሚጀምር ለማየት ከቤተ ክርስቲያን ዐጸድ የተሻለ ስፍራ የለም። በአንድ እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ምእመናኑ ጠበል ጸዲቅ ሲቀምሱ፣ በተርታ ከቆሙት ካምሪዎችና ሲዬናዎች መካከል አንድ ብርቱካናማ ቻሌንጀር፣ በሩን ሌላ መኪና እንዳይነካበት የሁለት መኪና ቦታ ይዞ፣ ኮፈኑ እንደ መስታወት እያበራ ቆሞ ነበር፤ ልጆቹ ከበውት መስኮቱን በእጃቸው እየጋረዱ ውስጡን ያያሉ፤ ባለቤቱ ደግሞ ከወዲያ ሆኖ ጣታቸው ቀለሙን እንዳይነካ በዓይኑ ይጠብቃል። ይህን ጊዜ ከባድ መኪና በመንዳት የሚተዳደር አንድ ጎልማሳ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ እርስዎ መኪና ይወዳሉ ይባላል፤ ኮርቬት ይሻለኛል ወይስ ፖርሽ?» አለኝ። «ለመሆኑ ፍሪሲዮን ረግጠህ ታውቃለህ?» ብለው ሳቀና «ኧረ ጋሼ! ትራኬ እንኳ አውቶማቲክ ነው እኮ፤ አሁን ማን ፍሪሲዮን ይረግጣል?» ብሎ መለሰልኝ። «የትስ ልትነዳው ነው?» ስለው ግን ጥቂት አሰበና «ያው ለእሑድ እሑድ ነው… ለሠርግም ይሆናል» አለኝ። እኔም «እንግዲያውስ ልጄ፣ ለሠርጉ ተከራይ፤ ለእሑዱ ያለችህ ትበቃሃለች» አልሁት። አልተቀየመኝም፤ ምክሬን ግን የተቀበለኝ አይመስለኝም።

በርሱም ልንፈርድበት አይገባም፤ መኪና ወደ አገራችን የገባው በግርማ ሞገስ ስለ ሆነ ዛሬም በልባችን ውስጥ የማዕርግ ዕቃ እንደ ሆነ ቀርቷል። ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ፣ ወልስሊ የተባለውን መኪና ከጅቡቲ በረሃ አሳልፎ በ1908 መጀመሪያ ግድም አዲስ አበባ ሲያስገባ፣ ጀርመኖችም በዚያው ሰሞን የራሳቸውን ሲያመጡ፣ መኪናው የቀረበው ለዳግማዊ ምኒልክ ነበር እንጂ ለገበያተኛ አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን መኪና ያለው ሰው ማለት ባለሥልጣን ወይም ባለጸጋ ማለት ሆኖ ቆየ። ነገር ግን በጎኑ ሌላ የመኪና ታሪክ አለን፤ እርሱም ፊያት ኤንትሬን ከነተሳቢው ጭነው በዓባይ በረሃ ቁልቁለት፣ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ፣ በጣርማ በር ዋሻ ያወጡና ያወርዱ የነበሩት ነጂዎቻችን ታሪክ ነው። እነዚያ ሰዎች ማርሹን በጆሯቸው እየሰሙ የሚቀይሩ፣ ፍሬኑ ከመጋሉ በፊት በሞተሩ የሚይዙ፣ ኩርባውን ከመድረሳቸው በፊት በኅሊናቸው የሚስሉ ጥበበኞች ነበሩ፤ ይህንንም ጥበብ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አልነበራቸውም፤ ረዳት ሆነው ጎማ እየፈቱ የተማሩት ነው። የመንዳት ተድላ የሚባለው ነገር ከነዚህ ሰዎች ዘንድ ነበረ እንጂ በኋላ ወንበር ተደላድሎ ከሚቀመጠው ጌታ ዘንድ አልነበረም።

አሁን ወደ አትላንታ ሕግና መንገድ እንመለስ። በጆርጂያ ግዛት ከ2010 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራ፣ የከፋ ፍጥነትን የሚቀጣ ልዩ ሕግ አለ፤ በማንኛውም መንገድ ላይ በሰዓት 85 ማይልና ከዚያ በላይ፣ በሁለት መሥመር መንገድ ላይ ደግሞ 75 ማይልና ከዚያ በላይ ሲነዳ የተገኘ ሰው ወረዳው ከሚያስከፍለው መቀጮ ሌላ ለመንግሥቱ 200 ዶላር ይከፍላል፤ ባይከፍል መንጃ ፈቃዱ ይታገዳል። ይህን ሕግ በአእምሯችን ይዘን፣ ሊቃውንቱ ሁሉ የሚያደንቁትን የፖርሽ ካይማን ጂቲ 4 እንመልከት። ይህ መኪና በሁለተኛ ማርሽ ብቻ፣ ገና ሦስተኛውን ሳይነካ፣ 80 ማይልን አልፎ ይሄዳል። እንግዲህ ባለቤቱ ያ ሞተር የሚዘምርበትን ከፍታ አንድ ጊዜ ልስማው ብሎ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ቢረግጥ፣ ከስድስቱ ማርሾች ሁለቱን ብቻ ተጠቅሞ ከሕጉ ደጃፍ ይደርሳል፤ አራቱ ማርሾች በአደባባይ መንገድ ሥራ የላቸውም። ከቀላሎቹ መኪናዎች አንዷ የሆነችው ማዝዳ ሚያታ ግን በሁለተኛ ማርሽ ሞተሯ እስኪያበቃ ብትነዳ ወደ 60 ማይል ገደማ ነው የምትደርሰው፤ ነጂው የሞተሩን ድምፅ ከታች እስከ ላይ ሰምቶ፣ ማርሽ ቀይሮ፣ እንደ ገና ሰምቶ፣ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል። በ285 የቀለበት መንገድና 75ና 85 ቁጥር መንገዶች ተጋጥመው በመሀል ከተማ በሚያልፉበት ጎዳና ላይ ከሰዓት በኋላ የሚሆነውንማ አንባቢ ያውቀዋል፤ በዚያ ሰዓት አምስት መቶ የፈረስ ጉልበት ያለውም መቶ ሠማንያ ያለውም በአንድ ፍሬን መብራት ኋላ ቆመው ይጸልያሉ።

ስለ ፍጥነት ከተነሣ፣ የጆርጂያን ተራራ ታሪክ ሳላነሣ ባልፍ ብዕሬ ይወቅሰኛል። ከአትላንታ በስተ ሰሜን ባለችው በዶውሰንቪል፣ መጠጥ በሕግ ተከልክሎ በነበረበት ጊዜና ከዚያም በኋላ፣ የተራራው ገበሬዎች በየጫካው የራሳቸውን ካቲካላ እያወጡ በሌሊት ወደ ከተማ ይልኩ ነበር፤ ላኪዎቹም መብራት አጥፍተው፣ የቀረጥ ፖሊስ እየተከተላቸው፣ በቀይ አፈር መንገድ ላይ የሚበሩ ወጣቶች ነበሩ። የሚነዱት ምን ነበር ቢሉ፣ የባለጸጋ መኪና አልነበረም፤ ፎርድ በ1932 ባለ ስምንት ሲሊንደሩን ሞተር ከ500 ዶላር ባነሰ ዋጋ በሚገኝ መኪና ላይ አድርጎ ለሕዝብ ስላወጣ፣ ገበሬ ሊገዛው የሚችለውን ያንን ፎርድ ነበር። ከነዚህ ወጣቶች አንዱ ሎይድ ሲይ በመስከረም 1 ቀን 1941 እዚሁ አትላንታ በሌክዉድ ሜዳ በተደረገው ውድድር አሸነፈ፤ በማግስቱም ለመጠጥ መጥመቂያ በተገዛ ስኳር ሒሳብ ከአጎቱ ልጅ ጋራ ተጣልቶ በጥይት ሞተ። የመኪናው ባለቤት የነበሩት የዶውሰንቪሉ ተወላጅ ሬይመንድ ፓርክስ ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሬድ ባይረን የተባለውን ነጂ ይዘው፣ ናስካር የተባለው የእሽቅድምድም ማኅበር በ1949 ባደረገው የመጀመሪያው የመደበኛ መኪናዎች ሻምፒዮና አሸናፊ ሆኑ፤ ባይረን በጦርነቱ ግራ እግሩን ክፉኛ ቆስሎ ስለ ነበር ፍሪሲዮኑን የሚረግጠው ለእግሩ ተብሎ በተሠራለት ልዩ ፔዳል ነበር። ዛሬ አትላንታ የምትኮራበት የእሽቅድምድም ባህል ሁሉ የተወለደው ከርካሽ መኪና፣ ከጎበዝ ነጂና ከብልኅ መካኒክ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ሰው በዋጋ ብዛት የመንዳት ማዕርግ ይገኛል ሲሉት ፈገግ ይላል።

የማዝዳ ኩባንያ ሚያታን በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ሲያሳይ፣ 116 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ ዋጋዋም 13,800 ዶላር የሆነ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ክፍት መኪና ነበረች፤ እንግሊዞችና ጣሊያኖች ሲሠሯት ኖረው የተዉአትን ዓይነት መኪና ጃፓኖች ያለ ዘይት ልቅሶና ያለ ማለዳ መግፋት ሠርተው አቀረቧት፤ በ2016ም አንድ ሚሊዮንኛዋ ከፋብሪካ ወጣች። መሐንዲሶቿ መመሪያ ያደረጉት ፈረሰኛውና ፈረሱ አንድ አካል የሚሆኑበትን የጥንት የጃፓን ጦረኞች ሐሳብ ነው፤ ጌቶቹን አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያለ በፈረሳቸው ስም ሲጠራ ለኖረ ሕዝብ ይህን ሐሳብ ማስረዳት አያስፈልግም። የዛሬይቱ ሚያታ 181 የፈረስ ጉልበት አላት፤ ክብደቷ ግን 1,060 ኪሎ ያህል ብቻ ነው፤ ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ሙስታንግ ከ1,700 ኪሎ በላይ እንደሚመዝን ያሰበ ሰው፣ ይህች መኪና በኩርባ ላይ ለምን እንደምትታዘዝ ሌላ ምስጢር አይፈልግም።

ከአትላንታ ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን ተነድቶ፣ ቮጌል ከተባለው መናፈሻ አጠገብ ወደ ሱችስ መንደር የሚታጠፈው 180 ቁጥር መንገድ፣ ዎልፍ ፔን ጋፕ የሚባለው፣ ለዚህ ነገር የተፈጠረ ይመስላል። (በነገራችን ላይ የጆርጂያ ተራራ ሁሉ ራስ የሆነው ብራስታውን ቦልድ 1,458 ሜትር ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ ለሚያየው ቆላ ነው።) በዚያ መንገድ በማለዳ ጣራውን ወደ ኋላ አጥፌ ስነዳ፣ የፍጥነት መቁጠሪያው ከ35 ማይል እምብዛም አያልፍም፤ ሥራው ግን ሙሉ ነው፤ ኩርባው ሳይደርስ ፍሬን ይያዛል፤ በዚያው ቅጽበት የቀኝ እግር ጣት ፍሬኑን እንደ ያዘ በእግሩ ጠርዝ ነዳጁ ትንሽ ይነካና ሞተሩ ከፍ ሲል ካምቢዮው ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ያለ አንዳች መንገጫገጭ ይወርዳል፤ መሪው ሲዞር የፊት ጎማዎች አስፋልቱን እንዴት እንደ ጨበጡት በመዳፍ ይሰማል፤ በጥላ ውስጥ እርጥብ ቅጠል ያለበት ስፍራ ሲደረስ መሪው ለአፍታ ቀለል ይላል፤ ከዚያም ነዳጅ ሲሰጥ የኋላው ወገብ ዝቅ ብሎ መኪናይቱን ከኩርባው ይገፋታል። የጥዱ ሽታ ይገባል፤ የወንዙ ድምፅ ይሰማል፤ ላንድ ሰዓት ስልክም፣ ዕዳም፣ የአገር ቤት ወሬም አይታሰብም፤ መንዳት ብቻውን ኅሊናን ሁሉ ይይዛል። ይህን መንገድ በብርቱ መኪና የሄደ ሰው ፍጥነቱን እየከለከለ፣ ልጓሙን እየያዘ፣ አንድም ጊዜ ጉልበቱን ሳይፈታው ነው የሚወጣው፤ ደስታው ሁልጊዜ ነገ ነው።

ሚያታን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ምን ምን ይምረጥ ለሚለው የኔ ፍርድ አጭር ነው። ቆዳ ወንበሩን ትቶ፣ ክለብ የተባለውን ዓይነት በማንዋል ካምቢዮ ይውሰድ፤ ምክንያቱም ከርሱ ጋራ የሚመጣው ዲፍረንሻል አንዱ የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ጉልበቱን ለሌላው የሚያካፍል ነው፤ ሾክ አብዞርበሩም የተሻለ ነው። ብረት ጣራ ያለው ዓይነት ያምራል፤ ነገር ግን ይከብዳል፤ ዋጋውም ይጨምራል፤ የጨርቁ ጣራ በአንድ እጅ ተቀምጠው የሚከፍቱት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የጥድ ብናኝ ከተማይቱን ቢጫ ሲያለብሳት የጨርቅ ጣራ ያለው ሰው በየማለዳው መጥረጊያ መያዙ አይቀርም፤ ይህን ያህሉን ንስሓ መታገሥ ነው።

ሚያታ አንድ ትልቅ ጉድለት አለባት፤ ልጅ አትይዝም። ሁለተኛ መኪና ለማኖር ለማይችልና ሕፃን ላለው ሰው መልሱ ቶዮታ ጂአር 86 ወይም እኅቱ ሱባሩ ቢአርዜድ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ የሚወጡ፣ 228 የፈረስ ጉልበት ያላቸው፣ ሞተራቸው ዝቅ ብሎ የተቀመጠ፣ የኋላ ወንበራቸው ለአዋቂ እግር ባይበቃም ለልጅ የሚበቃ ነው። ቶዮታው ርካሹ ዓይነት እንኳ ጥሩ ዲፍረንሻል ይዞ ይመጣል። ከሁሉም ደስ የሚለኝ ግን ቶዮታ አዲሱን ለገዛ ሰው የአንድ ዓመት የናሳ አባልነት መስጠቱ ነው፤ ናሳ ስል ጨረቃ የሚሄደውን ሳይሆን በውድድር ሜዳ ላይ መንዳት የሚያስተምረውን የመኪና ማኅበር ነው። ብራዝልተን ያለው፣ በ1970 የተከፈተው፣ 12 ኩርባና 2.54 ማይል ርዝመት ያለው ሮድ አትላንታ ቅርባችን ነው፤ ዶውሰንቪልም ካቲካላ ይጫንበት በነበረው አገር በ2012 ሌላ ሜዳ ተከፍቷል። ፍጥነት የሚያምረው ሰው ወደዚያ ይሂድ፤ አስተማሪ ጎኑ ይቀመጥ፤ በዚያ 85 ማይል ኃጢአት አይደለም።

ለሌሎቹም ፍርዴ የተጣመመ እንዳይመስል የሚገባቸውን ልስጥ። በ1964 በኒው ዮርክ የዓለም ትርዒት ላይ በ2,368 ዶላር የወጣው ሙስታንግ ለሠራተኛው ሕዝብ የተሠራ የደስታ መኪና ነበር፤ ዛሬም 480 የፈረስ ጉልበት ያለውን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ከማንዋል ካምቢዮ ጋራ 45 ሺህ ዶላር አካባቢ የሚሰጥ ሌላ ኩባንያ የለም፤ ድምፁን ስሰማ እኔም ልቤ ይሸፍታል። ኮርቬት በ1953 ከተወለደ ጀምሮ ሞተሩን በፊት ተሸክሞ ኖሮ፣ በ2020 ሞዴል ሞተሩን ከነጂው ጀርባ አዛውሮ 490 የፈረስ ጉልበት በ60 ሺህ ዶላር ሲሸጥ ጣሊያኖቹን ሁሉ አሳፍሯል፤ ዛሬ 70 ሺህ ደርሷል፤ ሆኖም የፍሪሲዮን ፔዳል የለውም፤ በጣት የሚነካ ማርሽ ብቻ ነው። ቻሌንጀርንና 707 የፈረስ ጉልበት የነበረውን ሄልካት የተባለ ዓይነቱን በተመለከተ የምለው የለኝም፤ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መድፍ ነው፤ ኩርባ ሲደርስ ግን ክብደቱ ያስተዛዝባል።

ፖርሽ 911 በእውነቱ ድንቅ ነው። በ1963 ከታየ ጀምሮ ሞተሩን ከኋላ ጎማዎች በስተ ኋላ አስቀምጦ፣ መሐንዲሶቹ ያንን አስቸጋሪ አኳኋን ለስድሳ ዓመት ሲያርሙት ኖረው፣ ዛሬ መሪው በእጅ ላይ የሚናገር፣ ፍሬኑ የማይደክም መኪና አድርገውታል። የሚከራከረኝ ሰው «ፖርሽ ዋጋውን አይጥልም፤ ሲሸጥ ገንዘብህን ይመልሳል» ይለኛል፤ ይህም ከሞላ ጎደል እውነት ነው። ነገር ግን በመካከሉ ያለውን ዘመን እንቁጠረው። ከ120 ሺህ ዶላር በላይ የሚጀምረው ዋጋ ቀለሙን፣ ወንበሩን፣ ቸርኬውን ሲመርጡ ያድጋል፤ የሴራሚኩ ፍሬን ብቻውን ወደ 9 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፤ በዚያ ገንዘብ ያገለገለች ግን ደኅና የሆነች የሁለተኛው ወይም የሦስተኛው ትውልድ ሚያታ ትገዛለች። ጆርጂያ ደግሞ መኪና በስም ሲዛወር ከዋጋው 7 በመቶ ቀረጥ በአንድ ጊዜ ታስከፍላለች፤ 130 ሺህ ዶላር የወጣበት ፖርሽ 9,100 ዶላር፣ 31 ሺህ የወጣባት ሚያታ 2,170 ዶላር ማለት ነው። ኢንሹራንሱና ጎማው በየዓመቱ ይከተላል። ከገንዘቡም የሚከፋው ፍርሀቱ ነው፤ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰበትን መኪና ሰው በጠጠር መንገድ አይነዳውም፤ በዝናብ አያወጣውም፤ በገበያ አያቆመውም፤ በመጨረሻ የመኪናው ዘበኛ ይሆናል። አንድ ቀን ወደ አገሬ ይዤው እገባለሁ ብሎ የሚያስብም ካለ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን ያስታውስ።

911ን መንዳት ለሚያምረው ሰው ግን መንገዱ አልተዘጋም። በሄፕቪሉ ጎዳና ላይ ፖርሽ ራሱ ማንም ሰው ከፍሎ፣ ከአስተማሪ ጋራ፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል የሚነዳበትን ትምህርት ይሰጣል። መኪናው የነሱ ነው፤ ጎማው የነሱ ነው፤ ፍሬኑም የነሱ ነው፤ በዚያ ሰዓት ተኩል ውስጥ አንድ ሰው በራሱ ፖርሽ በአንድ ዓመት የማያደርገውን ያደርጋል፤ ውሀ በፈሰሰበት ስፍራ ያንሸራትታል፤ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ይረግጣል፤ ስሕተቱንም የሚነግረው ሰው ጎኑ አለ።

እንግዲህ ለዚያ ጎልማሳና እርሱን ለሚመስሉ ሁሉ የምለው ይህ ነው። ፍሪሲዮን መርገጥ የማትችሉ ከመግዛታችሁ በፊት ተማሩ፤ የሚያስተምራችሁ ያገር ቤት ሹፌር በዚህ ከተማ አይጠፋም፤ ይጠይቁኝ ብሎ የሚጠብቅም አለ። ባለትዳር ያልሆነ ሰው ሚያታን፣ ሕፃን ያለው ጂአር 86ን፣ ድምፅ ካላገኘሁ አልረካም የሚል ሙስታንግ ጂቲን በማንዋል ይውሰድ፤ የተረፈውን ገንዘብ ለጥሩ ጎማ፣ ለፍሬን ሸራና በሮድ አትላንታ ለሚውልበት ቀን ያድርገው። ልቆይና በኋላ ልግዛ የሚል ግን ይህን ይወቅ፦ የሙስታንግ ተቀናቃኝ የነበረው ካማሮ ከ2024 ሞዴል በኋላ መሠራቱ ቆመ፤ ባለ አራት ሲሊንደሩ ሙስታንግ በዚያው ዓመት ሞዴል ማንዋል ካምቢዮ አጣ፤ የፖርሽ ቦክስተርና ካይማን 718 በ2025 ከፋብሪካ መውጣታቸው አበቃ፤ ሚያታ ግን ዛሬም በሦስት ፔዳልና በስድስት ማርሽ፣ 30 ሺህ ዶላር አካባቢ ጀምሮ፣ አዲስ ትሸጣለች።